ጥይት ለጠየቀ ሰው፦ ኑክሌር የታጠቀን ወራሪ የጦር ኅብረት ሊወጋው ይገባልን?

ጥያቄው የመጣው ከደምበጫ፣ ከአንድ የታሪክ መምህር ነው። እንዲህ ይላል፦

«ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ስትወረን የመንግሥታት ማኅበር ቆሞ አየን። የጎጃም አርበኛ አምስት ዓመት ብቻውን ተዋደቀ። ዛሬም 32 አገሮች የተሰበሰቡበት ኔቶ ዩክሬን ስትወረር ዳር ቆሞ መሣሪያ ያቀብላል እንጂ ጦሩን አላዘመተም። ተማሪዎቼ ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ አይሠራም?› ብለው ይጠይቁኛል። እኔ የኑክሌሩ ነገር ማስፈራሪያ ይመስለኛል፤ ማን ራሱን ያጠፋል? ኔቶ ገብቶ ሩሲያን ማስወጣት አልነበረበትም? ካልሆነስ ነገ ኑክሌር የያዘ ሁሉ የጎረቤቱን መሬት እየቆረሰ ሲወስድ ማን ያስቆመዋል?»

አልነበረበትም። ኔቶ የራሱ አባል አገር ካልተነካ በቀር ጦሩን ከሩሲያ ጦር ጋር ማጋጠም የለበትም። ነገር ግን «አይግባ» የምለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራስን ወታደር በወራሪው ወታደር ላይ ማስተኮስ። ከዚያ በመለስ ያለው ሁሉ፣ መሣሪያው፣ ገንዘቡ፣ ማዕቀቡ፣ ሥልጠናው፣ መረጃው፣ በመጀመሪያው ዓመት በገፍ መሰጠት ነበረበት። የተደረገው ግን እየቆነጠሩ መስጠት ነው። እርስዎን ያስቆጣዎት ነገር እኔንም አስቆጥቶኛል፤ የምንለያየው ቁጣው የት ላይ ማረፍ አለበት በሚለው ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሁለቱን ማኅበራት እንለያቸው። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 በአንዱ አባል ላይ የተከፈተ ጦርነት በሁሉም ላይ እንደተከፈተ ይቆጠራል፣ ወራሪውም ወዲያውኑ ከንግድ ይገለላል ይል ነበር። ስለዚህ እኛ የተካድነው የተማማልንበት ወረቀት በእጃችን እያለ ነው። የኔቶ ነገር ሌላ ነው። በ1949 በ12 አገሮች ሲመሠረት የገባው ቃል ለአባላቱ ብቻ ነበር፤ ዩክሬን ደግሞ አባል አይደለችም። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው አንቀጽ 5 እንኳ ለአባል አገር ሲሆን «ጦር ወዲያው ይዘምታል» አይልም፤ እያንዳንዱ አገር የጦር ኃይልን ጨምሮ አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን እርምጃ ይወስዳል ነው የሚለው። ይህ አንቀጽ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ፣ በ2001 አሜሪካ ከተመታች በኋላ ብቻ ነው። እንግዲህ «ኔቶ ማለውን አፈረሰ» ከተባለ ትክክል አይሆንም።

ኔቶ በሌላ በኩል ግን ጥፋተኛ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ሲወሳ አልሰማም። በኤፕሪል 2008 ቡካሬስት ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች ዩክሬንና ጆርጂያ «አባል ይሆናሉ» ብለው አወጁ። መቼ እንደሆነ አልተናገሩም፤ እስከዚያው ማን እንደሚጠብቃቸውም አልተናገሩም። እንዲህ ያለ ቃል ጠላትን ያስቆጣል፣ ወዳጅን ግን አይጋርድም። ከአራት ወር በኋላ የሩሲያ ጦር ጆርጂያ ገባ። ለአንድ ትንሽ አገር «አለሁልሽ» ብሎ ቀን ሳይቆርጡ መቅረት ዝም ከማለት ይከፋል።

ከዚህ ጋር የቡዳፔስቱን ስምምነት ማንሳት ግድ ነው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ዩክሬን ውስጥ ወደ 1,900 የሚጠጉ ረጅም ርቀት ተወንጫፊ የኑክሌር አረሮች ቀርተው ነበር፤ በብዛት ከዓለም ሦስተኛው ክምችት ነው። የሚተኮሱበት የምሥጢር ቁልፍ ሞስኮ ስለነበረ ዩክሬን እንደ ልቧ ልታዝዝባቸው አትችልም ነበር፤ ቢሆንም ንብረቱ መሬቷ ላይ ነበር። በዲሴምበር 1994 ሩሲያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ድንበሯን እንደሚያከብሩ ፈረሙላትና አረሮቹን ለሩሲያ አስረከበች። የተፈረመው ወረቀት ግን «ከተነካሽ እንዋጋልሻለን» አይልም። የኑክሌር ጥቃት ቢሰነዘርባት ጉዳዩን ወደ ጸጥታው ምክር ቤት እንወስዳለን ይላል፤ በዚያ ምክር ቤት ደግሞ ሩሲያ ውሳኔ የመሻር ሥልጣን ይዛ ተቀምጣለች። ሩሲያ በ2014 ክሪሚያን ስትወስድ የገዛ ፊርማዋን ረገጠች። አሜሪካና እንግሊዝ ያልፈረሙትን የጦር ዋስትና አላፈረሱም። ግን ሕጉ ይህን ቢልም ነገሩ ልብን ያቆስላል፤ ከእንግዲህ መሣሪያውን በእጁ የያዘ ማንኛውም አገር «ልረከብህ» ሲባል ዩክሬንን አስታውሶ እንቢ ይላል። የሊቢያው መሪ በ2003 የኑክሌር ዕቅዱን ትቶ በ2011 ምን እንደደረሰበትም ያስታውሳል።

አሁን ወደ ዋናው ግምትዎ ልምጣ። «ማን ራሱን ያጠፋል?» ብለዋል። እውነት ነው፤ ማለዳ ተነሥቶ ዓለምን ላቃጥል የሚል መሪ የለም። ዛሬ በዓለም ካሉት ወደ 12,000 የሚጠጉ የኑክሌር አረሮች 90 በመቶ ያህሉ በሩሲያና በአሜሪካ እጅ ናቸው፤ ሁለቱም አንዱ ቢጀምር ሌላው እንደማይተርፍለት ያውቃሉ። አደጋው ያለው ግን በታሰበበት ውሳኔ ላይ ብቻ አይደለም። ባላሰቡት መንገድ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ በጨለማና በወሬ መካከል እዚያ መድረስ ይቻላል። አንድ ጊዜ ልንደርስ ምን ያህል እንደቀረን ላሳይዎት።

ዕለቱ ኦክቶበር 27 ቀን 1962 ነው፤ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ በተተከሉ የሶቪየት ሚሳይሎች ምክንያት ተፋጠዋል። ቢ-59 የተባለው የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ከኩባ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ተደብቋል። የመርከቡ ባትሪ እያለቀ ነው፤ የውስጡ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቷል፤ ሠራተኞቹ በአየር እጥረት ይዝላሉ። ከሞስኮ ጋር ያላቸው ግንኙነት ተቋርጧል። በላያቸው የሚዞሩት የአሜሪካ መርከቦች ወደ ላይ እንዲወጡ ለማስገደድ የልምምድ ፈንጂ ይጥላሉ። ከታች ላሉት ግን ድምፁ ብረት በርሜል ውስጥ ተቀምጦ ከውጭ በመዶሻ እንደመደብደብ ነው፤ ልምምድ ይሁን ጦርነት አይለይም። አዛዡ ጦርነት ተጀምሯል ብሎ አመነ። መርከቡ ላይ የኑክሌር አረር የገጠመ ቶርፒዶ ነበር፤ አሜሪካውያኑ ይህን ጨርሶ አያውቁም። አዛዡ ሊተኩስ ተነሣ፤ ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለ መኮንን አይሆንም ብሎ አረጋጋው። መርከቡ ወደ ላይ ወጣ፤ ዓለምም በማግሥቱ እንደወትሮው ነጋላት። በዚያ ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲም የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭም ኑክሌር ለመተኮስ አልወሰኑም። ሊያበቃን የነበረው ከሁለቱም ቁጥጥር ውጪ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

ኔቶ ዩክሬን ገብቶ ቢዋጋ እንዲህ ያለ ክፍል በየቀኑ በደርዘን ይፈጠራል። በማርች 2022 ብዙ ሰው፣ እኔም ከወዳጆቼ ስሰማው የነበረ ነገር፣ «ቢያንስ ሰማዩን ይዝጉላቸው» የሚል ነበር። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሰማይ የሚዘጋው ግን በአዋጅ አይደለም፤ የሩሲያን አውሮፕላን መትቶ በመጣል ነው። አውሮፕላኑን ለመጣል የሚወጣው የኔቶ አብራሪ ደግሞ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ሊመታው የሚችል ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ይጠብቀዋል። ያ ሚሳይል የተተከለው በሩሲያና በቤላሩስ መሬት ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ሥራ የሩሲያን መሬት መደብደብ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ሩሲያ አውሮፕላኖቹ የተነሡበትን የፖላንድ ወይም የሩማንያ ማረፊያ ትመታለች። በሦስተኛው ቀን ሞስኮ የተቀመጠው ሰው የሚበሩት ሚሳይሎች መደበኛ ይሁኑ ኑክሌር የሚለይበት ጊዜ የለውም፤ ከአሜሪካ ምድር የሚተኮስ ሚሳይል እንኳ 30 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጅበት፣ ከቅርብ የሚነሣውማ ከዚያም ያንሳል። ሰማዩን መዝጋት ማለት ይህን ሁሉ መጀመር ነበር።

«እንግዲያውስ ማስፈራሪያው ሠራ ማለት ነው፤ ኑክሌር ያለው የፈለገውን ይወስዳል» ይሉኝ ይሆናል። ይህ የጥያቄዎ ጠንካራው ክፍል ነው፤ ቀላል መልስ የለውም። ግን የሆነውን እንይ። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ወረረች፤ ከሦስት ቀን በኋላ የኑክሌር ኃይሏን በተጠንቀቅ አቆመች። ዛቻው የኔቶን ወታደር አስቀርቷል። ዩክሬንን ግን አላንበረከከም፤ መሣሪያውንም አላቆመም። ታንክ ሲላክ ዛተች፣ ረጅም ርቀት ሮኬት ሲላክ ዛተች፣ ኤፍ-16 የጦር አውሮፕላን ሲላክ ዛተች፤ አልተኮሰችም። ኼርሶንን በሴፕቴምበር 2022 መጨረሻ «የእኔ ግዛት ነው» ብላ አውጃ በኖቬምበር ከከተማዋ ወጣች። በኦገስት 2024 የዩክሬን ጦር ራሷ ሩሲያ ምድር ውስጥ፣ ኩርስክ፣ ገባ፤ ያኔም አልተኮሰችም። ኑክሌር ተቀናቃኝን ከጦር ሜዳ ያስቀራል፤ የተወረረ ሕዝብ ለገዛ መሬቱ እንዳይዋጋ ማድረግ ግን አልቻለም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለቱ ኃያላን ለ40 ዓመት ያህል ያልተጻፈ ሕግ አክብረው ኖረዋል፤ አንዱ የሌላውን ጠላት ያስታጥቃል፣ በግልጽ ግን አይጋጠሙም። ሶቪየት ሰሜን ቬትናምን አስታጠቀች፤ አሜሪካ ተሸንፋ ወጣች፤ ኑክሌር አልተተኮሰም። አሜሪካ ከ1986 ጀምሮ ለአፍጋን ተዋጊዎች ስቲንገር የተባለውን ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ሰጠች፤ ሶቪየት በ1989 ወጣች፤ ያኔም አልተተኮሰም። የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን በተዋጉባት ኮሪያ ደግሞ የሶቪየት አብራሪዎች የሌላ አገር ምልክት በተቀባ ሚግ እየበረሩ የአሜሪካን አውሮፕላኖች ይጥሉ ነበር። አሜሪካኖቹ ያውቁ ነበር፤ ሕዝባቸው ሰምቶ «እንበቀል» እንዳይል ዝም አሉ። ያ ዝምታ ለክብራቸው ከባድ ነበር፤ ግን ጦርነቱ ከባሕረ ገብ መሬቱ ሳይወጣ ቀረ።

በሌላ በኩል ቁርጥ ያለ መስመር የተሰመረበትን ቦታ ይመልከቱ። ለዩክሬን የሚላከው መሣሪያ አብዛኛው የሚያልፈው በፖላንዷ ዤሹፍ ከተማ ነው፤ ከዩክሬን ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ሩሲያ ከድንበሩ ወዲያ ያለውን መጋዘን ሁሉ በሚሳይል ስታነድ ዤሹፍን አልመታችም። ከሩሲያ ጋር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር ያላት ፊንላንድ በ2023 ኔቶ ስትገባም አልተወረረችም። «ማን ያስቆመዋል?» ላሉት መልሱ እዚህ ነው፤ ማንም ሊጠራጠረው የማይችል፣ አስቀድሞ የተሰመረ መስመር ያስቆመዋል። ከተወረሩ በኋላ የሚመጣ ረጂ ጦር ግን ለኑክሌር ባለቤት ማስቆሚያ አይሆንም፤ ጦርነቱን ማስፋፊያ እንጂ።

ወደ 1928 ዓ.ም. ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ ያከረሩት እሱን ነውና። ወንድ አያቴ ቡሬ አካባቢ የተዋጋ አርበኛ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አልቤን ጠመንጃ አስታውሳለሁ፤ ይበልጥ የማስታውሰው ግን ሴት አያቴ ከማጀት ታወጣው የነበረውን አንገቱ ጠባብ ቅል ነው። ስትገለብጠው ባዶ ቀለህ ይንኮሻኮሻል። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀለሁን ጎንበስ ብለው ይለቅሙ ነበር፤ እቤት ወስደው ባሩድና እርሳስ እየሞሉ መልሰው ይተኩሱበታል። ቀለሁን ጥሎ የመጣ ሰው ከብት እንደጠፋበት እረኛ ይወቀስ ነበር አለችኝ። አያቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ «የእንግሊዝ ጦር ለምን አልመጣልንም» ሲል አንድም ቀን አልሰማሁትም። የሚለው «ጥይት ቢኖረን» ነበር።

የታሪክ መዝገቡም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1935 ጦርነቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያም ለኢጣሊያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ኢጣሊያ መሣሪያዋን ራሷ ታመርታለች፤ ስለዚህ ክልከላው የጎዳው እኛን ብቻ ነው። በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጣል ነዳጅ ከዝርዝሩ ቀረ። የስዊዝ ቦይ አልተዘጋም፤ ወታደሩም የመርዝ ጋዙም በዚያው አለፈ። እነዚህን ለማድረግ ማኅበሩ አንድም ወታደር ማዝመት አያስፈልገውም ነበር። የሙሶሊኒ ዛቻም ቢሆን ባሕር ላይ ከኢጣሊያ የሚበልጥ ኃይል የነበራትን እንግሊዝን ሊያስፈራት አይገባም ነበር፤ ለንደንን በግማሽ ሰዓት ሊያጠፋ የሚችል ነገር አልነበረውም። በ1928 ዓ.ም. የነበረው ፍርሃት ባዶ ፍርሃት ነው፤ የዛሬው ግን እውነተኛ ምክንያት አለው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማስተማር ተማሪዎቹን ያሳስታል።

እንግሊዝ ኋላ ጎጃም የገባችውም ፍትሕ አስገድዷት አልነበረም፤ ኢጣሊያ በጁን 1940 ጦርነት ስላወጀችባት ነው። ከዚያ በኋላ እንኳ በመጀመሪያ የመጣው ጦር አይደለም። በኦገስት የእንግሊዙ መኮንን ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን ተሻገረ፤ ገንዘብ፣ ጠመንጃና መልእክት ተከተለ። በጃንዋሪ 1941 ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ሲገቡ የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው ነበር፤ ስንቅና ጥይት የጫኑት ግመሎች በሺዎች መንገድ ላይ አለቁ። በኤፕሪል ደብረ ማርቆስ ነፃ ወጣች። ያ ትንሽ ጦር ያን ያህል መሥራት የቻለው የእነ በላይ ዘለቀና የእነ መንገሻ ጀምበሬ አርበኞች አገሩን አስቀድመው ለጠላት የማይኖርበት ስላደረጉት ነው። ትጥቁ አምስት ዓመት ቀድሞ ቢመጣስ ኖሮ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ዩክሬን ላይም የተደገመው ይኸው ስሕተት ነው። አውሮፓ በባሕር የሚመጣውን የሩሲያ ድፍድፍ ነዳጅ ያገደችው በዲሴምበር 2022 ነው፤ ወረራው ከተጀመረ ዘጠኝ ወር አልፎት። ነዳጅ እንደገና መጨረሻ ላይ መጣ። ምዕራባውያን የሠሩት ዘመናዊ ታንክ እንዲሰጥ የተወሰነው በጃንዋሪ 2023 ነው፤ በዚያ መካከል ሩሲያ ምሽግ ቆፍራ፣ ፈንጂ ዘርታ ተዘጋጅታለች። መሣሪያው ሁሉ በመጨረሻ ከተሰጠ መዘግየቱ የከለከለው አደጋ የለም፤ የጨመረው ሬሳ ብቻ ነው። አደጋ ጨርሶ የለበትም አልልም፤ በ2022 መጸው ዋሽንግተን ሩሲያ አነስተኛ የጦር ሜዳ ኑክሌር ልትጠቀም ትችላለች ብላ በእውነት ሠግታ ነበር። ከዛቻ በኋላ በየጊዜው ቆሞ ማመንታት ግን ቀጣዩን ዛቻ ይጠራል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የጦር ኅብረት የአባላቱን መሬት ያለ አንዳች ማመንታት ይጠብቅ፤ አባል ባልሆነ አገር ምድር ላይ ግን ከኑክሌር ባለቤት ጦር ጋር አይተኳኮስ። ለተወረረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለውን ሁሉ ይስጥ። ለመጠበቅ ያልቆረጠለትን አገር በአባልነት ተስፋ አያጓጓ። ከ2025 ጀምሮ ፈረንሳይና እንግሊዝ ከተኩስ አቁም በኋላ ወደ ዩክሬን ጦር ስለመላክ ይመክራሉ፤ ይህን የምደግፈው የሚላከው ወታደር ቢተኮስበት አገሩ ለመዋጋት የቆረጠ እንደሆነ ነው። ካልቆረጠ ያ ወታደር ጠባቂ አይደለም፤ ለዩክሬንም ሐሰተኛ ተስፋ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ወራሪው ኑክሌር ሲኖረው ነው። ኩዌትን የወረረችውን ኢራቅ በ1991 በኅብረት ጦር ማስወጣት ተገቢ ነበር፤ ኢራቅ ኑክሌር አልነበራትም። ደግሞም «ቀይ መስመር» የሚል ዜና በሰሙ ቁጥር ጦርነቱ ነገ ይነሣል ብለው ተማሪዎቹን አያስደንግጡ፤ ዛቻውን በተደረገው ነገር ይመዝኑት። ነገሩ ከደምበጫ ሩቅ እንዳልሆነ ግን ይንገሯቸው። ሩሲያና ቤላሩስ ከዓለም ዋና ዋና ማዳበሪያ አቅራቢዎች ናቸው፤ ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት የማዳበሪያ ዋጋ ሲሰቀል የጎጃም ገበሬም ከፍሏል። በማርች 2 ቀን 2022 ደግሞ 141 አገሮች ወረራውን ባወገዙበት የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያ ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች። ጄኔቫ ቆማ የጮኸች አገር ናትና እኔን ይህ አሳዝኖኛል፤ እርስዎ የራስዎን አስተያየት ይያዙ።

ለክፍልዎ አንድ ሥራ ልስጥዎት። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ረድፍ ይሥሩ፤ አንዱ «የተጠየቀበት»፣ ሌላው «የደረሰበት»። ኤፍ-16ን ያስገቡ፤ ዩክሬን በ2022 ጠየቀች፣ በሜይ 2023 ተፈቀደ፣ በኦገስት 2024 ሰማይዋ ላይ ታየ። ፓትሪዮት የተባለውን ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ያስገቡ፤ በዲሴምበር 2022 ተፈቀደ፣ በኤፕሪል 2023 ደረሰ። ከሥሩ የኢትዮጵያን ይጻፉ፤ ጥይት የተጠየቀበት 1935፣ ጎጃም የደረሰበት 1940። ከዚያ ተማሪዎቹ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለውን ወር ራሳቸው ይቁጠሩት።